ያውቁ ኖሯል? የጀማ ዓሣም ይታመማል

ዓሣም እንደ በግና እንደ ከብት በባክቴሪያ እንደሚታመም ያውቁ ኖሯል? መንዝ ላይ በግ ሲያስል ባለቤቱ ሳይውል ሳያድር ያውቃል፤ መድኃኒትም ይፈልግለታል። ጀማ ወንዝ ውስጥ አምባዛ ሲቆስል ግን አይቶ የሚናገርለት የለም። እረኛ የለውማ!

ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ደጋ የሚነሡት ወንዞች እየተቀባበሉ በጀማ በኩል ዓባይ ይገባሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ውርጫማ ሜዳ የተነሣ ውሃ፣ ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ጀማን በሚሻገርበት ቆላ ከ1,500 ሜትር በታች ይወርዳል። ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ ባክቴሪያ አለ፤ ሙቅ ውሃ የሚወድም አለ። አንዱ የውሃ መስመር ለሁለቱም ይመቻል።

ብዙውን ጊዜ ዓሣን የሚገድለው ባክቴሪያ ከሩቅ የመጣ እንግዳ አለመሆኑንስ? ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ የሚባለው ንጹሕ በሚመስል ወንዝም ሆነ በጤነኛ ዓሣ አንጀት ውስጥ ይኖራል። ዓሣው ብርቱ እስከሆነ ድረስ ምንም አያደርገውም። ነገሩ የሚለወጠው በበጋ ነው። ወንዙ ይቆራረጣል፤ ዓሣው በየኩሬው ይታጎራል፤ ውሃው ይሞቃል፤ ኦክሲጅኑ ይመናመናል። ዓሣው እርስ በርሱና ከድንጋዩ ጋር ሲፋተግ ቅርፊቱ ይላጣል፤ ባክቴሪያውም በተላጠችው ቦታ በኩል ሰተት ብሎ ይገባል።

የታመመው ዓሣ ምልክቶች በዓይን ይታያሉ። የክንፉ ሥር ደም ይቋጥራል። ከጎኑ ላይ ዳርዳሩ ነጣ ያለ፣ መሐሉ የቀላ ክብ ቁስል ይወጣል። ዓይኑ ይፈጣል፣ ሆዱ ይነፋል፤ ሲቀደድም ቢጫማ ወይም ደም የቀላቀለ ውሃ ይፈስሳል። እንዲህ ያለውን ዓሣ ለምግብ አያውሉት፤ ለውሻም አይስጡት። ወደ ወንዙም መልሰው አይጣሉት፤ ይቅበሩት።

ወንዝ ዳር ብዙ ዓሣ ሞቶ ቢያገኙ በሽታ ነው ወይስ መርዝ? መለየት ይቻላል። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣን እንደሚያደነዝዝ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን ዓሣው ኦክሲጅን እንዳይጠቀም ያደርገዋል። መርዝ ትልቁንም ጫጩቱንም፣ አምባዛውንም ነጭ ዓሣውንም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አንድ ላይ ይፈጃል፤ ሰውነታቸው ላይ ቁስል አይታይም። የባክቴሪያ በሽታ በአብዛኛው ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ጥቂት ጥቂት እያለ ይገድላል፤ አንዱን ዝርያ ከሌላው አብልጦ ሊጎዳም ይችላል። በብርብራ የማጥመድ ጉዳቱ በዚያው ቀን አያበቃም። ሳይለቀም የቀረው ሬሳ ውሃው ውስጥ ሲበሰብስ ኦክሲጅኑን ይበላል፤ የተረፈው ዓሣም ተዳክሞ ለባክቴሪያ ይጋለጣል። ይህ ልማድ መቅረት አለበት እላለሁ፤ ጫጩቱ ያለቀበት ወንዝ የከርሞ ዓሣ አይኖረውም።

ነጭ ዓሣ በክረምት ሙላት ሽቅብ ተጉዞ፣ ጠጠራማ ወራጅ ውሃ ላይ እንቁላሉን እንደሚጥል ያውቁ ኖሯል? በጉዞውና በመራባቱ የደከመ ዓሣ ደግሞ በበሽታ ለመያዝ ቅርብ ነው። አንዲት እናት ዓሣ ስትሞት የምትቀረው ብቻዋን አይደለም፤ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላልም አብሮ ይቀራል።

በባሕር ዳር አጠገብ ከደቡባዊው የጣና ክፍል በተጠመዱ ዓሦች ላይ ተመራማሪዎች ያደረጉት የባክቴሪያ ጥናት በ2012 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ካገኟቸው ባክቴሪያዎች መካከል ከሰውና ከእንስሳት አንጀት ጋር የሚዛመዱ ይገኙበታል። ዓሣው ራሱ በእነዚህ ላይታመም ይችላል፤ ተሸክሞ ግን ወደ ገበያና ወደ ማድ ቤት ያመጣቸዋል። እኛ ወደ ውሃው የለቀቅነው በዓሣው በኩል ወደ ገበታችን ይመለሳል ማለት ነው። በሬሳ ወንዝ ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ ጀማ ይወርዳል፤ ከተማዋም በሰውም በፋብሪካም ፈጥና አድጋለች። የከተማዋን ፍሳሽ ማጣራት የከተማዋ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ከታች ያለው ቆለኛም የሚጠጣውና የሚያጠምደው ከዚያው ውሃ ነው።

በ2015 እ.ኤ.አ. ሲንጋፖር ውስጥ ጥሬ የወንዝና የሐይቅ ዓሣ በመብላት ከ100 በላይ ሰዎች በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ታመዋል፤ ቀደም ሲል ጤነኛ የነበሩ ጎልማሶች ጭምር። መንግሥትም በየምግብ ቤቱ እንዲህ ያለ ጥሬ ዓሣ እንዳይቀርብ ከለከለ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ በአዋዜ መብላት ለሚወዱ ይህ ሊታሰብበት ይገባል። አዋዜና ሎሚ ባክቴሪያን ገድለው አይጨርሱም፤ የሚገድለው እሳት ነው።

“ዓሣ ግማቱ ከአናቱ” ይባላል። ዓሣ ሲገዙ በእርግጥም አናቱ አካባቢ ይጀምሩ፤ ስንጥቡን ገለጥ አድርገው ይዩት። ደማቅ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው። ቡናማ ከሆነና ካዝለገለገ ባክቴሪያው ሥራውን ጀምሯል። በሁዳዴ ገበያው ሲደራና ዓሣው ያለ በረዶ ከሩቅ ሲመጣ ይህን ማየት የበለጠ ያስፈልጋል።

ከዓሣ የሚመጣው ባክቴሪያ የሚጎዳው ሰውን ብቻ አይደለም፤ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቦቱሊዝም የተባለው፣ በባክቴሪያ መርዝ የሚመጣ በሽታ ዓሣ በሊታ ወፎችን በብዛት ፈጅቷል። ባክቴሪያው ኦክሲጅን በሌለበት ብስባሽ ውስጥ መርዙን ያመርታል፤ መርዙ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣው ወደ ወፍ ይሻገራል።

ለዓሣ ክትባት እንዳለስ? ዳፍ የተባለ ካናዳዊ ተመራማሪ ትራውት የሚባለውን ዓሣ በመኖ አድርጎ ስለመከተቡ የጻፈው በ1942 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በእርባታ ያለ ዓሣ በብዛት ይከተባል። የወንዝ ዓሣን ግን አንድ በአንድ ይዞ መከተብ አይቻልም፤ አንቲባዮቲክ ወንዝ ውስጥ መጨመርም መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ከማፍራት ያለፈ ፋይዳ የለውም። የወንዝ ዓሣ መድኃኒቱ ውሃው ነው፤ በቂ፣ ቀዝቀዝ ያለና ንጹሕ ውሃ።

መንዞች ይህን ውሃ ሲጠብቁ ኖረዋል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳ የሚባለውን የሣር መሬት ቄሮ በሚሉት ባህላዊ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጉ፣ በተወሰነ ጊዜ ብቻ እየከፈቱ ተጠቅመውበታል። ሥርዓቱ በ1975 እ.ኤ.አ. የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ኅብረተሰቡ ዛሬም ቦታውን በጋራ ይጠብቃል። ሣር የለበሰ መሬት ዝናቡን አስርጎ ምንጩን በበጋ ያቆየዋል፤ ምንጩ ሲዘልቅ ደግሞ ከታች ያለው ኩሬ አይደርቅም፤ ዓሣውም አይታጎርም።

ዓሣ የሚበልቱና የሚያጸዱ ሰዎች ይህንን ይያዙልኝ። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባለው ባክቴሪያ የሳንባ ነቀርሳ አምጪው ዘመድ ነው፤ በ1926 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ውስጥ ከሞቱ ዓሦች ተለይቶ ታወቀ። የዓሣ እሾህ በወጋው ጣት በኩል ገብቶ፣ ከሳምንታት በኋላ የማይድን የሚመስል እብጠት ያወጣል። የሚመቸው ወደ 30 ዲግሪ ሴልሲየስ የሚጠጋ ሙቀት ስለሆነ በአብዛኛው ቀዝቀዝ ከሚሉት ከእጅና ከክርን አያልፍም። ላቦራቶሪም በተለመደው 37 ዲግሪ ብቻ ካሳደገው ሊያጣው ይችላል። እንዲህ ያለ ቁስል ይዘው ጤና ጣቢያ ሲሄዱ፣ ሳይጠየቁም ቢሆን “ዓሣ ወግቶኝ ነበር” ብለው ይንገሩ።