ሞርፊን በተኛ ፈረስ ላይ

ኦፒዮይድ ሲባል ከኦፒየም ተክል ወተት የሚወጣው ሞርፊንና እሱን ተከትለው በቤተ ሙከራ የተሠሩት ዘመዶቹ ናቸው። በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ሙ፣ ካፓና ዴልታ የተባሉ ተቀባዮች ላይ እየተጣበቁ የሕመሙን መልእክት መንገድ ላይ ያስቀሩታል። ሥራቸው በሰውም በውሻም በፈረስም ይኸው ነው፤ እንስሳው መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ የሚያሳየው ጠባይ ግን በጣም ይለያያል።

ፈረስ ለቀዶ ሕክምና ሲተኛ መጀመሪያ ዛይላዚን፣ ዴቶሚዲን ወይም ሮሚፊዲን ይወጋና አንገቱን ደፍቶ ይፈዛል። ቀጥሎ ኬታሚን ከዳያዚፓም ጋር በደም ሥሩ ገብቶ ይጥለዋል። ከዚያ በአፉ በኩል እስከ አየር ቧንቧው በሚዘልቅ ቱቦ አይሶፍሉሬን ወይም ሴቮፍሉሬን የተባለውን ጋዝ ከኦክስጅን ጋር እየሳበ ይቆያል። ኦፒዮይዱ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከማፍዘዣው ጋር ነው። የተለመደው የሞርፊን መጠን በኪሎ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊግራም ሲሆን፣ 500 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም ይሆናል። በኪሎ ሲሰላ ለሰው ከሚሰጠው ብዙም አይርቅም።

ስለ ፈረስና ስለ ሞርፊን ብዙ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያሳብደዋል የሚለውን። ወሬው ከባዶ አልተነሣም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በፈረስ እሽቅድምድም ዙሪያ የነበሩ ሰዎች ሞርፊን ወይም ሄሮይን የተሰጠው ፈረስ እንደማያንቀላፋ አይተዋል። ሰውን የሚያደነዝዘው መድኃኒት ፈረሱን ያነቃዋል፣ ያቅበጠብጠዋል፣ መቆም ይነሣዋል፤ ስለዚህም ከውድድር በፊት በስውር የሚሰጡት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የኬንታኪ ተመራማሪዎች ነገሩን በቁጥር ሊይዙት ፈለጉ። ዘዴያቸው የዋህ ይመስላል፤ ጤነኛ ፈረስ ጋጥ ውስጥ አስገብተው፣ መድኃኒቱን ወግተው፣ የፊት እግሩን እርምጃ ይቆጥሩ ነበር። ፌንታኒል ወይም ሞርፊን የተወጋው ፈረስ ጋጡን ሲዞር ይውላል፤ መጠኑ ሲጨምር እርምጃውም ይጨምራል። አስቀድሞ ኤሲፕሮማዚን ከተሰጠው ግን ዙረቱ ይቀንሳል። ኤሲፕሮማዚን የዶፓሚንን መንገድ የሚዘጋ መድኃኒት ስለሆነ፣ እርምጃው የሚመጣው ከዚያ መንገድ መነቃቃት ነው የሚለው ግምት ከዚህ ተነሣ።

ቆጠራው ትክክል ነበር። ስህተቱ የመጣው ከቆጠራው በኋላ በተሰጠው ትርጉም ነው። እነዚያ ፈረሶች አንዳቸውም አልታመሙም ነበር። ሕመም የሌለበት ፈረስ ውስጥ የገባ ኦፒዮይድ የሚያስታግሰው ነገር ስላጣ የቀረው ሥራው፣ መነቃቃቱ፣ ጎልቶ ይታያል። እግሩ የተሰበረ ወይም መገጣጠሚያው የመረቀዘ ፈረስ በተለመደው መጠን ሲሰጠው ግን ብዙውን ጊዜ ይረጋጋል፤ የሸሸውን ድርቆሽ መልሶ ሲቀምስም ይታያል።

የመጠኑ ነገርም አለ። ድመትም እንደ ፈረስ በሞርፊን ታብዳለች ይባል ነበር፤ ስሙን ያወጡላት የጥንት ሙከራዎች በኪሎ 20 ሚሊግራም ያህል ይሰጡ ነበር፤ ዛሬ ከሚሰጣት ወደ መቶ እጥፍ ይጠጋል። በዚህ መጠን የማያብድ ፍጡር ማግኘት ይከብዳል። ድመቷ ስሟ ሲታደስላት ፈረሱ ግን የቀድሞ ስሙን ይዞ ቀርቷል። ሌላው የሚረሳው ነገር ኦፒዮይዱ ብቻውን አለመሰጠቱ ነው። ዛይላዚንና ዘመዶቹ ቀድመው ሲገቡ መነቃቃቱን ያፍኑታል፤ የተኛው ፈረስ ደግሞ ልራመድ ቢልም አይችልም። «ለፈረስ ሞርፊን አይሰጥም» ብሎ ፋይሉን የሚዘጋ ሐኪም እንግዲህ የሚጠቅሰው ጤነኛ ሆኖ፣ ነቅቶ፣ ማፍዘዣ ሳይወስድ የቆመ ፈረስን ነው። ጠረጴዛው ላይ የተኛው ያ ፈረስ አይደለም። ማስጠንቀቂያው የሚሠራበት ቦታ ግን አለ፤ ሕመም ለሌለበት ፈረስ ያለ ማፍዘዣ በደም ሥር በፍጥነት መስጠት ዛሬም ጥፋት ነው።

ሁለተኛው የተሳሳተ ግንዛቤ ከውሻ የተወረሰ ነው። ውሻ ሞርፊን ሲሰጠው የሚያስፈልገው የማደንዘዣ ጋዝ በግልጽ ይቀንሳል። በውሻ የሠለጠነ እጅ ፈረስ ፊት ሲቆምም ሞርፊኑን ወግቶ ወዲያው የጋዙን ማስተካከያ ዝቅ ያደርጋል፤ ፈረሱም በምላጩ መሃል እግሩን ያወናጭፋል። የጋዝ ጉልበት የሚለካው ባለሙያዎች ማክ በሚሉት መጠን ነው፤ የሚያሳምም ነገር ሲነካቸው ከእንስሶቹ ግማሾቹ እንዳይንቀሳቀሱ የሚያደርገው የጋዝ ክምችት ማለት ነው። ለአይሶፍሉሬን በፈረስ 1.3 በመቶ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የወጣ ጥናት በአይሶፍሉሬን ለተኙ ፈረሶች በኪሎ 0.25 እና 2 ሚሊግራም ሞርፊን ሰጥቶ ማኩን ለካ። በአንዳንዶቹ ቀነሰ፤ በሌሎቹ ጨመረ። ይህን ይዞ ጋዝ መቀነስ አይቻልም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም እንደሚባለው፣ ሞርፊንም ጋዙን ያጅባል እንጂ ውጊያውን አይዋጋለትም። ጋዝ መቀነስ ያስፈለገው ባለሙያ ሊዶካይን፣ ኬታሚን ወይም የዛይላዚንን ወገን በጠብታ ይሰጣል፤ እነዚህ በፈረስ ላይ የታመኑ ናቸው።

ታዲያ ጋዝ ካልቀነሰ ለምን ይሰጣል? የተኛ ፈረስ ሕመም አይሰማውም፤ ነርቮቹ ግን መልእክቱን መላካቸውን አያቆሙም። ኅብለ ሰረሰሩ በዚያ ውርጅብኝ እየተቆጣ ይቆይና ፈረሱ ሲነቃ ከቁስሉ የገዘፈ ሕመም ይጠብቀዋል። ኦፒዮይዱ ይህን መንገድ አስቀድሞ ያጠባል። በቀዶ ሕክምናው መሃል የደም ግፊት በድንገት መውጣቱ ወይም ዓይኑ መዋለሉ መልእክቱ እንዳልታፈነ ይናገራል። የዓይን ብሌን ግን አይጠየቅም። በሰው ላይ ሞርፊን ብሌንን የመርፌ ጫፍ ያሳክላል፤ በፈረስ ላይ ያሰፋዋል። በሰው ሕክምና መጽሐፍ የተማረ ጀማሪ የሰፋውን ብሌን አይቶ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሊደግም ይነሣል፤ እጁን መያዝ ያስፈልጋል። ትንፋሽን በተመለከተ፣ ኦፒዮይድ በፈረስ ላይ ብቻውን ብዙም አይጫንም። ይሁንና በጎኑ ወይም በጀርባው የተኛ ከባድ እንስሳ ከጋዙ የተነሣ ቀድሞውኑ አተነፋፈሱ ደካማ ስለሆነ፣ በደሙ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ይለካል።

ፈረስን ማስተኛት ከባድ የሚሆነው በመነሣቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመና 41,824 ፈረሶችን የተከታተለ ጥናት 1.9 በመቶው በሰባት ቀን ውስጥ እንደሞቱ አሳየ፤ የሆድ ቁርጠት ቀዶ ሕክምና ሲወጣለት 0.9 በመቶ ነው። በውሻ አኃዙ 0.17 በመቶ አካባቢ ነው። ከፈረሶቹ ሞት ሩብ ያህሉ የአጥንት ስብራት ነበር። አውሬ ሲመጣ በመሮጥ የሚተርፍ እንስሳ ዓይኑን እንደገለጠ እግሩ ሳይጸና ሊነሣ ይታገላል፤ ይንገዳገዳል፣ ግድግዳ ይመታል። ብዙ ባለሙያ ሞርፊንን የሚፈራው ለዚህች ሰዓት ነው። በኪሎ 2 ሚሊግራም የተሰጣቸው ፈረሶች በእርግጥም ክፉኛ ተነሥተዋል። በተለመደው መጠን የተደረጉ ጥናቶች ግን መነሣቱ እንዳልከፋ፣ እንዲያውም አንዳንዴ ፈረሱ በጥቂት ሙከራ እንደሚቆም አሳይተዋል። ከጋዙ ሲላቀቅ ትንሽ ማፍዘዣ መጨመርም ይረዳል፤ ሕመሙ የታገሰለት ፈረስ ጥቂት ጋደም ብሎ ይቆያል።

አንጀት የኦፒዮይድ እውነተኛ ዕዳ ነው። መድኃኒቱ የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያል፤ ፈረስ ደግሞ አንጀቱ ከቆመ ቁርጠት ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከእንግሊዝ የወጣ ጥናት ከአጥንት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሞርፊን የቁርጠትን ዕድል ወደ አራት እጥፍ እንደሚያሳድግ አገኘ፤ በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ግን ይህን ዝምድና አላገኘም። ጾም፣ ማፍዘዣና ጭንቀትም አንጀት ስለሚያዘገዩ ጥፋቱን በአንዱ ላይ መጫን ይከብዳል። ክርክሩ እስኪቋጭ የጋጡ ጠባቂ ፋንድያ ይቁጠር። ከሰመመን የተነሣ ፈረስ ስንት ጊዜ እንደጣለ መዝግቦ የማይዝ ክፍል ሞርፊንን ለመክሰስ መብት የለውም።

አንጀቱንም ጭንቅላቱንም ብዙ ሳይነካ መድኃኒቱን ወደ ሕመሙ ማድረስ ይቻላል። በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ሞርፊን ጭራው ሥር ባሉ አጥንቶች መካከል በኅብለ ሰረሰሩ ሽፋን ዙሪያ ሲወጋ፣ ሥራ ለመጀመር ሰዓታት ቢወስድም እስከ 24 ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ የኋላ እግሮችን ሕመም ይቀንሳል። ሊዶካይን በዚያው ቦታ ሲበዛ የኋላ እግሮችን አዝሎ ፈረሱን ይጥላል፤ ሞርፊን ጉልበቱን አይነካም። መገጣጠሚያ ውስጥም ይሰጣል።

ከሌሎቹ ኦፒዮይዶች መካከል ቡቶርፋኖል በካፓ ተቀባይ የሚሠራ፣ ለሆድ ሕመም የሚመረጥና ቶሎ የሚያልቅ ነው። ቡፕረኖርፊን ለሰዓታት ይቆያል፤ ሜታዶን ከሞርፊን ጋር ይቀራረባል። ኤቶርፊን እ.ኤ.አ. በ1960 በስኮትላንድ የተሠራ፣ ከሞርፊን ከሺህ እጥፍ በላይ የሚበረታ ነው። በእንግሊዝ ከኤሲፕሮማዚን ጋር ለፈረስ ይሰጥ ነበር፤ አንዲት ጠብታ ሐኪሙን ልትገድል ስለምትችል ማርከሻው ዲፕረኖርፊን ጠርሙሱ ሳይከፈት በመርፌ ተቀድቶ ይቀመጥ ነበር።

የመጨረሻው ሥራ ፈረሱ ከቆመ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የፈረስ የፊት ገጽታ መለኪያ ወደ ኋላ የተጣሉ ጆሮዎችን፣ የጠበበ ዓይንን፣ የተወጠረ መንጋጋን እያየ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ከፍ ካለ ኦፒዮይዱ ይደገማል፤ ዝቅ ካለ ይቆማል፤ በመካከሉ ፋንድያው ይቆጠራል።