ምስሉ ለማን ነው የሚላከው?

እኔ የምኖረው ኦስሎ ነው፤ ሙያዬም ምህንድስና ነው። በከተማችን ሰርግም ሆነ ለቅሶ በኢንተርኔት ወደ አገር ቤት ይተላለፍ ሲባል፣ ኢንኮደሩን እንድይዝ የምጠራው እኔ ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ በዚሁ ሥራ ላይ ከሠራሁት ስህተት የተማርኩትን ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2021 አንድ ወንድማችን እዚሁ አረፈ። ዘመኑ የኮሮና ነበርና እናቱ ከደብረ ማርቆስ መምጣት አልቻሉም። ሽኝቱን በስልክ እንዲያዩ ቃል ገባሁላቸው። ስርጭቱ ሲጀመር እኛ ዘንድ ምስሉ እንደ መስታወት የጠራ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የሟች የእህት ልጅ ከደብረ ማርቆስ ደወለች፦ «ጋሼ፣ ሰዉ ሁሉ ድንጋይ ሆኖ ቆሟል፤ ድምፁም ይቆራረጣል።» እናት የልጃቸውን ሽኝት ሳያዩ ቀሩ። ጥፋቱም የእኔ ነበር።

ለመሆኑ ኢንኮደር ምንድን ነው? ከካሜራ የሚመጣውን ምስልና ድምፅ ጨምቆ በኔትወርክ የሚልክ ትንሽ ሣጥን ነው። ጥራቱ 1080 የሆነ ምስል ሳይጨመቅ ቢላክ በሰከንድ 1.5 ጊጋቢት ያህል ይፈልጋል። አጨማመቁ ከቤተሰብ ደብዳቤ ጋር ይመሳሰላል፤ የመጀመሪያው ሁሉን ይዘረዝራል፣ ተከታዮቹ የተለወጠውን ብቻ ይናገራሉ። ዛሬም በብዛት የምንሠራበት ኤች.264 የተባለው ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀ ሲሆን፣ በጅማሬው ላይ የኖርዌዩ ቴሌኖር ተመራማሪ ጊስሌ ብዮንተጎር ትልቅ ድርሻ ነበረው።

እኔ ግን ያየሁት የራሳችንን ፈጣን መስመር ብቻ ነበር። ኢንኮደሩን በሰከንድ 6 ሜጋቢት እንዲልክ አደረግሁት፤ ይህም ለተመልካቹ በሰዓት 2.7 ጊጋባይት ማለት ነው። ሰርቨሩም የተቀበለውን ሳይቀንስ ያሳልፍ ነበር። በዚያ ላይ ሙሉ ምስል የሚላከው በየ10 ሰከንዱ ስለነበር፣ መስመሩ ተቋርጦ ሲመለስ ተመልካቹ የሚቀጥለውን ሙሉ ምስል ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበረበት።

ለአርባው ሁሉንም እንደገና አስተካከልኩ። ብዙ ኢንኮደሮች ከአንድ ካሜራ ሁለት ስርጭት ማውጣት ይችላሉ። አንዱን ለአውሮፓ ዘመዶች በ720 ጥራትና በ1.5 ሜጋቢት አደረግሁት፤ ሌላውን ለአገር ቤት በ360 ጥራት፣ ምስሉን በ400 ኪሎቢት፣ ድምፁን በ64 ኪሎቢት። ይህ በሰዓት ወደ 210 ሜጋባይት ብቻ ይወስዳል። ከድምፁ ግን አትቀንሱ፤ በለቅሶ ላይ ፊት ቢደበዝዝ ይታለፋል፣ ጸሎቱ ካልተሰማ ግን ምን ቀረ? ሙሉ ምስሉን በየ2 ሰከንዱ አደረግሁ።

ከዚህ ሌላ አራት ነገር ልምከራችሁ። ኢንኮደሩን በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል አገናኙ። የአዳራሹን የመላኪያ ፍጥነት አስቀድማችሁ ለኩ፤ የስርጭቶቹም ድምር ከግማሹ አይብለጥ። መሣሪያው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የይለፍ ቃል ለውጡ። መስመሩ ቢጠፋ በኋላ እንዲታይ፣ ሁሉም በሣጥኑ ሚሞሪ ካርድ ላይ ይቀረጽ።

ከሁሉም በላይ ሙከራችሁን አዳራሹ ውስጥ ባለ ስልክ አትመኑ። በዋዜማው ያችን የእህት ልጅ ደውዬ በእናትየው ስልክ፣ እናትየው በሚቀመጡበት ክፍል እንድታየው ለመንኳት። ሁለት ጊዜ አስተካክለን በሦስተኛው ያዘልን።

በአርባው ዕለት ምስሉ ለእኛ ለባለሙያዎቹ የሚያኮራ አልነበረም። ጸሎቱ ሲያበቃ ግን እናት ራሳቸው ደወሉ። «አየሁ ልጄ፤ የቆሙለትን ሰዎች ሁሉ አየሁ። እግዜር ይስጥህ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ኢንኮደር በከፈትኩ ቁጥር አስቀድሜ የምጠይቀው የእኛ መስመር ስንት እንደሚችል ሳይሆን፣ በዚያኛው ጫፍ ስልኩን የያዘው ማን እንደሆነ ነው።

ቸር ይግጠመን።