የቢዲ ሜሰን የትውልድ ሐረግ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካን ምዕራብ ካቀኑት ሴቶች አንዷ የሆነችው፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ ታሪክም ስሟ ጎልቶ የሚነሣው ብሪጅት ሜሰን፣ ወይም ሁሉ እንደሚጠራት ቢዲ ሜሰን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1818 ገደማ በጆርጂያ ምድር በባርነት ከመወለዷ በቀር፣ አባቷና እናቷ እነማን እንደ ነበሩ የሚመሰክር የታመነ መዝገብ የለም። ይህም የሆነው ዘር የሚቆጥር ሰው ጠፍቶ ሳይሆን፣ የዘመኑ ሕግ ባርያን ከከብትና ከቤት ዕቃ ጋር አዳብሎ ይጽፍ ስለ ነበር ነው። በ1850 እና በ1860 በተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች፣ የባሮች ዝርዝር የሰፈረበት ገጽ የጌታውን ስም አስቀድሞ ከጻፈ በኋላ፣ ከሥሩ የሚያስከትለው በአብዛኛው ዕድሜን፣ ጾታንና የቆዳን ቀለም ብቻ ነበር፤ አያቱን ሊፈልግ ያን ገጽ የገለጠ የልጅ ልጅም ስም የለሽ ሴት አግኝቶ ይመለሳል።

ስለዚህ መርማሪው ባርያዪቱን ትቶ ጌታዋን መከተል፣ የእርሱን ኑዛዜ፣ የግብር ደብተርና የጉዞ ማስታወሻ መፈተሽ ግድ ይሆንበታል። የቢዲ ጌታ ሮበርት ስሚዝ የሞርሞንን ሃይማኖት ተቀብሎ በ1848 ከሚሲሲፒ ወደ ሶልት ሌክ ሸለቆ ሲሰደድ፣ እርሷ ሦስቱን ሴቶች ልጆቿን፣ ኤለንን፣ አንንና ጡት ያልጣለችውን ሐሪየትን ይዛ፣ 2,700 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን መንገድ ከሠረገላዎቹ ኋላ ከብት እየነዳች በእግሯ ሄደች። በ1851 ደግሞ ስሚዝ ሁሉንም ይዞ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ወደ ሳን በርናርዲኖ ተሻገረ። የካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት ባርነትን ከልክሎ ሳለ፣ እነርሱ ግን በባርነታቸው እንደ ኖሩ ቀሩ።

ስሚዝ ወደ ቴክሳስ ሊወስዳቸው በተነሣ ጊዜ ነገሩ በሎስ አንጀለስ ዳኛ በቤንጃሚን ሄይስ ፊት ቀረበ። ጥቁር ሰው በነጭ ላይ እንዳይመሰክር ሕጉ ይከለክል ነበርና፣ ዳኛው ቢዲን ለብቻዋ አስገብቶ ቃሏን ሰማ፤ በጥር ወር 1856ም እርሷንና ልጆቿን፣ ሐና ከምትባለው ሴትና ከቤተ ሰቧ ጋር፣ በጠቅላላው 14 ነፍሳትን አርነት አወጣ። ለነጻነት የተጻፈው ይህ ብይን ለትውልድ ቆጣሪ ከየትኛውም የቆጠራ ገጽ ይበልጣል፤ የእናቲቱን ስም ከልጆቿ ስም ጋር፣ የእያንዳንዱንም ዕድሜ አያይዞ ይዟልና። ዳሩ ግን በዚያ ብይን ላይ ሜሰን የሚል ስም አይገኝም፤ በዚህ ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ዋናውን ሰነድ አልፎት ይሄዳል።

ከዚህ ወዲያ ፈለጓ በራሷ መዝገብ ይገኛል። ማንበብና መጻፍ ባታውቅም፣ በአዋላጅነትና በአስታማሚነት ካገኘችው ደመወዝ ቆጥባ በ1866 በስፕሪንግ መንገድ በ250 ዶላር ቦታ ገዛች፤ በ1872ም የመጀመሪያው የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ማኅበር በቤቷ ተመሠረተ። ልጇ ኤለን ቻርልስ ኦወንስን አግብታ የወለደችው ሮበርት ኦወንስ፣ አያቱ ያቆየችውን ርስት አስፋፍቶ ከከተማው ጥቁር ባለጠጎች አንዱ ለመሆን በቃ። እንደ እኔ አስተያየት፣ የዚህን ቤት ትውልድ ከትውልድ ያያያዘው፣ ከቆጠራ መዝገብ ይልቅ የመሬት ውል ነው።

ቆጠራው ራሱ አልፎ አልፎ ይከዳል። ቢዲ በጥር 1891 ስታርፍ በሕይወት ሳለች የተደረገው የመጨረሻው ቆጠራ የ1890ው ነበር፤ የእርሱም መዝገብ አብዛኛው ክፍል በ1921 በዋሽንግተን ከተማ በተነሣው ቃጠሎ ሳቢያ ጠፋ። በኤቨርግሪን መካነ መቃብር ያረፈችበት ስፍራም እስከ 1988 ድረስ የመቃብር ድንጋይ አልነበረውም። ስለሆነም የቤተ ሰቧን ሐረግ መከተል የሚሻ ሁሉ ከጆርጂያ አይጀምር፤ ከሎስ አንጀለስ የመሬት ውልና ከዳኛ ሄይስ ብይን ተነሥቶ ወደ ኋላ ይቁጠር።