ተጨማሪ መረጃ፦ የንብ ቀፎን በመኪና ስለ ማጓጓዝ
በካሊፎርኒያ ምድር የለውዝ ዛፍ በየካቲት ወር ሲያብብ፣ ለርክበ ብናኝ የሚያገለግሉ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ ቀፎዎች ከአሜሪካ ሩቅ ግዛቶች ሳይቀር በጭነት መኪና ወደዚያ ይጓዛሉ። የዚህ ጉዞ ዋና ጠላት፣ ብዙ ሰው እንደሚገምተው መናወጥ ሳይሆን፣ ሙቀት ነው፤ እጮቻቸውን በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚጠብቁት ንቦች መውጫው ተዘግቶባቸው በታወኩ ጊዜ፣ ከገዛ አካላቸው የሚመነጨው ሙቀት አየሩን ያግለዋልና፣ ሰፈፉ ለስልሶ ከነማሩ ይወድቃል፣ ማኅበረ ንቡም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ታፍኖ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ ንብ አናቢ፣ ቀሳሚ ንቦች ሁሉ ወደ ማደሪያቸው ከተመለሱ በኋላ በሠርክ ቀፎውን በጠፍር አጥብቆ፣ መግቢያውንም በጨርቅ ሳይሆን አየር በሚያሳልፍ የሽቦ ወንፊት ከልሎ፣ ፍሬሞቹ በመኪናው ርዝመት አንጻር እንዲቆሙ አድርጎ ይጭናል፤ ጭነቱን በመረብ ሸፍኖ ሌሊቱን ይጓዛል። ቀን ቢደርስበትም በፀሐይ ላይ ቆሞ ምሳ መብላት አይገባውም፤ ነፋሱን የሚያመጣው የመኪናው ሩጫ ነውና። አጭር መንገድ ግን የራሱ ፈተና አለው፤ ቀፎው ከ5 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ቢዛወር፣ ቀሳሚዎቹ የለመዱትን ምድር ለይተው ወደ ቀድሞ ሥፍራቸው ይመለሳሉ።