ወረቀቱም ይመሰክራል፦ የእንግሊዝ የወረቀት ሥራ፣ የውሃ ምልክትና የሰነድ ምዘና

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኤፌሶን 1፥13 ላይ ስሰብክ ከኪሴ የብር ኖት አውጥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረግሁ። በመንፈስ ቅዱስ መታተማችን ይህን ይመስላል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ የሚታይ ስውር ምልክት ነው አልሁ። ጉባኤው ወደደልኝ። ምሳሌው ግን ልክ አልነበረም። ሐዋርያው የሚናገርለት ማኅተም በሰም ወይም በጭቃ ላይ ተረግጦ ለማንም ዐይን በግልጽ የሚታይ ነው። በዘመኑ የነበሩት መጻፊያዎችም ፓፒረስና ብራና ነበሩ፤ በወረቀት ውስጥ ምልክት ማኖር የተጀመረው ከእርሱ ከ1200 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ13ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ በጣሊያን ነው።

ስለ ወረቀት ማንበብ የጀመርሁት ያንን ስሕተት ለማረም ነበር፤ ንባቡ ግን ወዳላሰብሁት ቦታ ወሰደኝ። የውሃ ምልክት ለኤፌሶን መልእክት ምሳሌ ባይሆንም፣ ለእኛ በየሳምንቱ በጽሑፍ ምስክርነት ላይ ቆመን ለምናስተምር ሰዎች፣ አንድ ሰነድ ስለ ራሱ የሚናገረውና የተጻፈበት ነገር የሚመሰክረው እንዴት እንደሚለያዩ የሚያሳይ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ታሪኩን በእንግሊዝ አገር በኩል ልከተለው። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ቡትቶና ወንፊት

ወንድሞችና እኅቶች፣ ዛሬ ወረቀት ስንል የምናስበው የተፈጨ እንጨት ነው። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ግን የአውሮፓ ወረቀት በአብዛኛው የሚሠራው ከቡትቶ ነበር፤ በተለይም ከተልባ እግር ከተሠራ አሮጌ ልብስ። ጨርቅ ለቃሚዎች ከየቤቱ ይሰበስቡታል፤ በወፍጮው ቤት ሴቶች ቁልፉንና ስፌቱን እየፈቱ፣ ነጩን ከባለ ቀለሙ እየለዩ ይቆራርጡታል። ከዚያ ረጥቦ እንዲበሰብስ ይተዋል፤ በውሃ ኃይል በሚነሡና በሚወድቁ ከባድ ዘነዘናዎችም ይወቀጣል። እንግሊዞች የወረቀት መሥሪያውን «ወፍጮ» ያሉት በዚህ በውሃ መዘውር ምክንያት ነው።

የተወቀጠው ጨርቅ ብዙ ውሃ ተጨምሮበት እንደ ቀጭን አጥሚት ይሆናል። ሠራተኛው አራት ማዕዘን የሆነ የሽቦ ወንፊት ወደ ገንዳው አስጠልቆ ያወጣና ወዲያና ወዲህ ይነቀንቀዋል። ውሃው ሲንጠባጠብ ቃጫዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው በወንፊቱ ላይ ስስ ንጣፍ ይሆናሉ። ሁለተኛው ሠራተኛ ንጣፉን በሱፍ ጨርቅ ላይ ይገለብጠዋል፤ ክምሩ በመጭመቂያ ይጨመቃል፤ ወረቀቱ እንደ ልብስ ተሰጥቶ ይደርቃል። በመጨረሻም ቀለም እንዳይመጥ ከቆዳ ቁርጥራጭ በተቀቀለ ሙጫ ይነከራል።

የውሃ ምልክት የሚባለው በዚህ ወንፊት ላይ ነው የሚወለደው። ስሙ አሳሳች ነው፤ ውሃ አይሥለውም። ሠሪው ቀጭን ሽቦ አጣምሞ የኮከብ፣ የእጅ፣ የእንስራ ወይም የዘውድ ቅርጽ ይሠራና በወንፊቱ ላይ ይሰፋዋል። ሽቦው ባለበት ቦታ ቃጫው ስለሚሳሳ፣ ወረቀቱ ወደ ብርሃን ሲነሣ ቅርጹ ይታያል። ፉልስካፕ የሚባለው የወረቀት መጠን እንኳ ስሙን ያገኘው በጥንት ወረቀት ላይ ከነበረ የአጫዋች ቆብ ምልክት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ኋላ ያስፈልገናል። ወንፊት በእጅ የሚሠራ ስለሆነ ሁለት ፍጹም አንድ ዐይነት ምልክቶች የሉም። ሠራተኞቹ ሁለት ወንፊት እያፈራረቁ ስለሚሠሩ እያንዳንዱ ምልክት «መንትያ» አለው። ሽቦውም በአገልግሎት ብዛት ይጣመማል፤ ስፌቱ ይላላል፤ ወንፊቱ ሲያረጅ ይጣላል።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ጎራ ልበል። አቡ ሩሚ በካይሮ የተረጎመውና ዊሊያም ጆዌት በ1820 ለብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር የገዛው የአማርኛ ትርጉም 9,539 ገጽ የእጅ ጽሑፍ ነበር። ወንጌላቱ በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 በለንደን ታተሙ። በዚያ ዘመን የእንጨት ወረቀት ገና በገበያ ላይ አልነበረም። አያቶቻችን በእጃቸው የያዙት የመጀመሪያው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የማያውቋቸው ሰዎች ለብሰው በጣሉት ቡትቶ ላይ የታተመ ነበር።

ከስደተኞች የመጣ ሙያ

እንግሊዝ በዚህ ሙያ የዘገየች አገር ናት። ዊሊያም ካክስተን በ1476 በዌስትሚንስተር ማተሚያውን ሲተክል ወረቀቱ ከባሕር ማዶ ነበር የሚመጣው። የመጀመሪያው የታወቀ እንግሊዛዊ ወረቀት ሠሪ ጆን ቴት በ1490ዎቹ በሃርትፎርድ አጠገብ ወፍጮ ከፈተ፤ ምልክቱ በክብ ውስጥ ያለ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ነበር። እርሱ በ1507 ሲሞት ወፍጮው አልቀጠለም። በ1588 የንግሥት ኤልሳቤጥ ጌጣጌጥ ሠሪ የነበረው ጀርመናዊው ጆን ስፒልማን በዳርትፎርድ ወፍጮ አቋቋመ፤ በማግስቱም ዓመት ቡትቶ የመሰብሰብ ብቸኛ መብት ከንግሥቲቱ ተሰጠው። እንዲያም ሆኖ የንጉሥ ጄምስ ትርጉም በታተመበት በ1611 አካባቢ የአገሪቱ ነጭ ወረቀት በአብዛኛው ከፈረንሳይ ይመጣ ነበር። አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ እንግሊዞች ሱፍ ለባሾች ነበሩ፤ ከሱፍ ደግሞ ጥሩ የጽሑፍ ወረቀት አይወጣም።

ለቀብር አስፈጻሚዎች የምትሆን ማስታወሻ ላክል። በ1666 እና በ1678 የወጡ ሕጎች ሬሳ ከሱፍ በቀር በሌላ ጨርቅ እንዳይገነዝ ከለከሉ፤ ዘመዶችም ለካህኑ በመሐላ የተረጋገጠ ወረቀት ማቅረብ ነበረባቸው። የሕጉ ዓላማ የሱፍ ንግድን መጠበቅ ነበር፤ ነገር ግን የተልባ እግር ጨርቅ ከሙታን ጋር ወደ መቃብር መውረዱን አስቀረ።

ሥራው በእውነት የተለወጠው በስደት ነው። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1685 ለሁጉኖቶች፣ ማለትም ለፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች፣ የተሰጠውን የአምልኮ ነጻነት ሲሽር እጅግ ብዙዎች አገር ጥለው ወጡ፤ ከእነርሱም መካከል ወረቀት ሠሪዎች ነበሩ። በዓመቱ፣ በ1686፣ በእንግሊዝ የነጭ ወረቀት ሠሪዎች ኩባንያ በንጉሥ ቻርተር ተቋቋመ። ከስደተኞቹ አንዱ ሄንሪ ፖርታል በሃምፕሽር ወፍጮ ያዘ፤ ከ1724 ጀምሮ ለእንግሊዝ ባንክ የገንዘብ ኖት ወረቀት ከነምልክቱ የሚያቀርበው እርሱ ሆነ። ስለ እምነቱ አገሩን ያጣ ሰው ቤት የአንድን መንግሥት ገንዘብ እውነተኛነት ሲጠብቅ ማየት ይገርመኛል። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስናስተምር ስደትን በሰማዕታት ብዛት ብቻ መቁጠር ለምዶብናል፤ ስደተኛ በእጁ ይዞት የሚሄደውን ሙያ ብዙም አናነሣም።

በኬንት የቱርኪ ወፍጮ ባለቤት የነበረው ጄምስ ዋትማን በ1750ዎቹ የወንፊቱን መስመር የማያሳይ ልስልስ ወረቀት ሠራ። አታሚው ጆን ባስከርቪል በ1757 የቨርጂልን ሥራ ሲያትም በከፊል ተጠቀመበት። ይኸው ባስከርቪል በ1763 በካምብሪጅ እጅግ ካማሩት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሶች አንዱን አትሟል፤ ራሱ ግን የክርስትናን እምነት የማይቀበል ሰው ነበር፤ በተቀደሰ መሬት እንዳይቀበርም ተናዟል።

ከ1803 ጀምሮ የፎርድሪኒየር ወንድሞች በሃርትፎርድሽር በፍሮግሞር ማያቋርጥ ወረቀት የሚያወጣ መሣሪያ ተከሉ። ወረቀት ረከሰ፤ እነርሱ ግን በ1810 ከሰሩ። በኋላ እንጨት ቡትቶን ተካ። አሲድ ያለበት ማጣበቂያም ተጨመረበት፤ በቤተ መጻሕፍታችን ያሉት የመቶ ዓመት መጻሕፍት ቡናማ ሆነው በጣት ሲነኩ የሚሰባበሩት፣ የሦስት መቶ ዓመቶቹ ደግሞ ነጭ ሆነው የሚቆዩት ስለዚህ ነው።

ምልክቱ ሲመሰክር

በ1794 የወጣ የእንግሊዝ ሕግ፣ ወደ ውጭ የሚላክ ወረቀት የቀረጥ ተመላሽ እንዲያገኝ የተሠራበትን ዓመት በውሃ ምልክት እንዲይዝ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ባሉ የእንግሊዝ ወረቀቶች ላይ ዓመተ ምሕረት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ለታሪክ ተመራማሪ ስጦታ ነው፤ ነገር ግን በጥንቃቄ የሚያዝ ስጦታ። በደብዳቤው ወረቀት ውስጥ 1811 የሚል ካለ ደብዳቤው በ1805 አልተጻፈም ማለት እንችላለን። በ1811 ተጻፈ ማለት ግን አንችልም፤ ወረቀት ዓመታት ተቀምጦ ይጻፍበታልና። አንዳንድ ሠሪዎችም 1794 የሚለውን ሽቦ ሳይቀይሩ ለዓመታት ሠርተውበታል።

ምስክርነቱ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያሳየው ደብልዩ. ደብልዩ. ግሬግ ነው። የሼክስፒር ስም ያለባቸው አንድ ስብስብ ትንንሽ የተውኔት መጻሕፍት ነበሩ፤ ከሽፋናቸው አንዳንዱ 1600፣ አንዳንዱ 1608፣ ሌላው 1619 ይላል። ሊቃውንት ሽፋኑን አምነው ኖረዋል። ግሬግ በ1908 የውሃ ምልክቶቹን ሲያነጻጽር ያው የተደበላለቀ የወረቀት ክምችት በሁሉም ውስጥ ይገኛል። አንድ አታሚ ያንኑ ቅልቅል ክምር ለ19 ዓመት አስቀምጦ አይሠራበትም። ሁሉም በ1619 የታተሙ ነበሩ፤ ሽፋኑ ዋሽቷል።

እንግዲህ ወረቀቱን እንመን ትሉ ይሆናል። ከማመናችሁ በፊት ግን ዊሊያም ሄንሪ አየርላንድን ተዋወቁት። አባቱ ሳሙኤል ሼክስፒርን እስከ ማምለክ የሚወድ የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ ነበር። ልጁ በ19 ዓመቱ ገደማ በጠበቃ ቢሮ ሲሠራ የሼክስፒር የሚሉ ሰነዶችን መፈብረክ ጀመረ። በኋላ ራሱ እንደ ተናዘዘው፣ ከመጻሕፍት ሻጭ የጥንት መጻሕፍትን ባዶ ገጾች ገዛ፤ በኤልሳቤጥ ዘመን የእንስራ ምልክት የተለመደ እንደ ነበር ሲሰማም እንስራ ያለባቸውን ገጾች እየመረጠ ጻፈባቸው። ወረቀቱ እውነተኛ ነበር፤ ምልክቱም እውነተኛ ነበር።

ከጻፋቸው አንዱ የሼክስፒር «የእምነት መግለጫ» ነው። ሼክስፒር ካቶሊክ ሳይሆን ጥሩ ፕሮቴስታንት መሆኑን ያሳያል የተባለለት ነው። ሳሙኤል ፓርና ጆሴፍ ዋርተን የተባሉ ካህናትና ሊቃውንት ሲነበብላቸው ከቤተ ክርስቲያን ጸሎቶች ጋር እያወዳደሩ አደነቁት። ማንበብ ያልቻሉ ሰዎች አልነበሩም። ሊሰሙት የሚፈልጉትን ነገር በአሮጌ ወረቀት ላይ አገኙት።

ማታለያውን የገለጠው በ1796 ኤድመንድ ማሎን ነው። እርሱ የመረመረው ከሁሉ በላይ ቃሉን ነበር፦ የፊደል አጻጻፉን፣ የቃላቱን ዘመን፣ ታሪኩን። ለምሳሌ ከንግሥት ኤልሳቤጥ ለሼክስፒር ተጻፈ የተባለው ደብዳቤ በግሎብ ቴያትር አድራሻ የተላከ ሲሆን፣ ስለ ሌስተር መስፍን በሕይወት እንዳለ አድርጎ ይናገራል። ሌስተር የሞተው በ1588 ነው፤ ግሎብ የተሠራው በ1599።

የአዲስ ኪዳን መግቢያ የተማራችሁ ውጫዊና ውስጣዊ ማስረጃ የምንለውን እዚህ ታገኙታላችሁ። በግሬግ ጉዳይ ውጫዊው ውስጣዊውን አረመ፤ በማሎን ጉዳይ ውስጣዊው ውጫዊውን አረመ። በ2012 በአንዲት የሃርቫርድ ፕሮፌሰር ይፋ የተደረገውን፣ ኢየሱስ ሚስት እንደ ነበረው የሚናገር የተባለውን የፓፒረስ ቁራጭ አስታውሱ። ፓፒረሱ ሲመረመር ከሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሆነ፤ ቃሉ ግን የቶማስ ወንጌል ከተባለው ጽሑፍ የኢንተርኔት እትም ከነስሕተቱ የተለቀመ እንደ ሆነ ሊቃውንት አሳዩ። ያን ጊዜ እኛ ወንጌላውያን ለመጠርጠር ፈጣኖች ነበርን፤ የማንፈልገውን ስለ ነገረን። የምንፈልገውን የሚነግረን ቁራጭ ሲገኝ፣ አንድ የጥንት ወንጌል ቅጂ ወይም የኖኅ መርከብ እንጨት ሲባል፣ ከመድረክ ለመናገር ስንት ቀን እንታገሣለን?

ሳሙኤል አየርላንድ ልጁ በገዛ አንደበቱ ሰነዶቹን የጻፍሁት እኔ ነኝ ብሎ ሲናዘዝ አላመነውም፤ ይህን ለመጻፍ የሚበቃ ችሎታ የለውም አለ። በ1800 ሲሞት ወረቀቶቹ እውነተኛ እንደ ሆኑ ያምን ነበር።