የደም እናት ሕዋሳት ከአጥንት ውስጥ እንዴት ይወጣሉ?

በዓል ነው እንበል። ቅልጥም ቀርቦላችሁ አጥንቱን ስትሰብሩት ውስጡ ለስላሳና ቅባት የበዛበት ነገር ታገኛላችሁ። መቅኔ ይባላል። ብዙዎቻችን የምናውቀው በጣዕሙ ነው። የእናንተም አጥንት ውስጥ ግን መቅኔ አለ፤ እሱ ደግሞ ሥራ አይፈታም። በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ገደማ ቀይ የደም ሕዋሳት እያመረተ ወደ ደም ይልካል። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ እስክትጨርሱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ አዳዲስ ሕዋሳት ይኖሯችኋል ማለት ነው።

ይሄ ሁሉ ለምን አስፈለገ? አንድ ቀይ የደም ሕዋስ የሚኖረው 120 ቀን ያህል ብቻ ስለሆነ ነው። ያረጀው ሲወገድ አዲስ መተካት አለበት። የዚህ ሁሉ ምንጭ ደግሞ ስቴም ሴል ወይም ግንደ ሕዋስ የሚባሉ ጥቂት ሕዋሳት ናቸው። ግንደ ሕዋስ ሲከፈል ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል፦ ራሱን የሚመስል ሌላ ግንደ ሕዋስ ይተካል፣ ወይም ደግሞ ቀይ የደም ሕዋስ፣ ነጭ የደም ሕዋስና ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት የሚገኙባቸውን ልጆች ይወልዳል። በአዋቂ ሰው ላይ እነዚህ ሕዋሳት በብዛት የሚገኙት በዳሌ፣ በአከርካሪ፣ በደረትና በጎድን አጥንቶች ውስጥ ነው።

እሺ፣ መቅኔው ውስጥ በደም ሥሮች የተሞላ ነው። ታዲያ ግንደ ሕዋሳቱ ለምን በደሙ ተጠርገው አይሄዱም?

አንድ ቤት ቡና ሲቆላ አስቡት። ሽታው ጎረቤቱን ሁሉ ይጠራል፤ የመጣውም ሰው ሽታው ካለበት መራቅ አይፈልግም። መቅኔ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር አለ። በግንደ ሕዋሳቱ ዙሪያ ያሉ ጎረቤት ሕዋሳት ሲኤክስሲኤል-12 የሚባል ፕሮቲን ይረጫሉ። ግንደ ሕዋሱ ደግሞ በገላው ላይ ይህን ፕሮቲን የሚያውቅ ተቀባይ አለው፤ ስሙ ሲኤክስሲአር-4 ነው። ተቀባዩ እንደ አፍንጫ ነው በሉት። ሽታው ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ሕዋሱ ከቤቱ ንቅንቅ አይልም። በዚያ ላይ ከጎረቤቶቹ ጋር የሚያጣብቁት ሌሎች ፕሮቲኖችም አሉት።

ግን እስሩ የዕድሜ ልክ አይደለም። በየቀኑ ጥቂቶቹ ወደ ደም ይወጣሉ። የሚገርመው ደግሞ ሰዓት ጠብቀው መሆኑ ነው። በ2008 በአይጦች ላይ የታተመ ጥናት ነገሩን አሳይቷል፦ በአንጎል ውስጥ ያለው ሰዓት በነርቮች በኩል ወደ መቅኔው መልእክት ይልካል፤ ነርቮቹ ኖርአድሬናሊን ይለቃሉ፤ ያን ጊዜ ጎረቤት ሕዋሳቱ የሚረጩት ሲኤክስሲኤል-12 ይቀንሳል። ሽታው ሲደክም ግንደ ሕዋሳቱ ይወጣሉ። ሌሊት በምትንቀሳቀሰው አይጥ ይህ የሚሆነው በቀን ነው፤ በሰው ደግሞ ወደ ማታ ላይ። የወጡት ግን ደም ውስጥ ብዙ አይቆዩም። አይጦች ላይ እንደታየው በደቂቃዎች ውስጥ ከደም ይወጣሉ፤ መልሰው መቅኔ የሚገቡም አሉ።

አሁን ወደ ሆስፒታል እንሂድ። አንድ የደም ካንሰር ሕመምተኛ ከባድ ሕክምና ሲሰጠው ካንሰሩ ብቻ ሳይሆን መቅኔውም ይጠፋል። አዲስ ግንደ ሕዋስ ካላገኘ ደም መሥራት አይችልም፤ ያለ ደም ደግሞ ሕይወት የለም። ድሮ ሐኪሞች የለጋሹን ዳሌ አጥንት በመርፌ እየወጉ መቅኔውን ይቀዱ ነበር። ዛሬም ይደረጋል፤ ለጋሹ ግን መደንዘዝ ወይም መተኛት አለበት። ሌላው አማራጭ ግንደ ሕዋሳቱን ወደ ደም እንዲወጡ ማባበል ነው።

ለዚህ ጂ-ሲኤስኤፍ የተባለ መድኃኒት ለአራትና አምስት ቀን ይወጋል። መድኃኒቱ ነጭ የደም ሕዋሳትን ያበዛል፤ እነሱም ግንደ ሕዋሳቱን የሚይዙትን ፕሮቲኖች የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ይለቃሉ። የሲኤክስሲኤል-12 መጠንም ይወርዳል። መቅኔው ሥራ ስለሚበዛበት ለጋሹ አጥንቱን ሊያመው ይችላል። ከዚያ ደሙ ከአንድ ክንዱ ወጥቶ በማሽን ያልፋል፤ ማሽኑ ግንደ ሕዋሳቱን ለይቶ ይይዝና ቀሪውን ደም በሌላው ክንድ ይመልሳል።

አንዳንድ ሰው ላይ ግን ይሄም አይበቃም፤ በቂ ሕዋስ አይወጣም። መፍትሔው የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ ነው። አንዳንድ የኤችአይቪ ዝርያዎች ወደ ሕዋስ የሚገቡት ያንኑ ሲኤክስሲአር-4ን እንደ በር ተጠቅመው ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች በሩን የሚዘጋ መድኃኒት ሠርተው በሰው ላይ ሞከሩት። ለኤችአይቪ የታሰበውን ያህል አልሆነም፤ በፈቃደኞቹ ደም ውስጥ ግን ነጭ የደም ሕዋሳት በዝተው ተገኙ። አፍንጫው ሲደፈን ሽታውን ስላጡት ወጡ! ሲፈተሽ ግንደ ሕዋሳትም አብረው ወጥተዋል። ያ መድኃኒት ፕሌሪክሳፎር ይባላል፤ በ2008 አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሥራ ተፈቅዷል። ጂ-ሲኤስኤፍ ቀናት ሲፈጅ እሱ የሚሠራው በሰዓታት ውስጥ ነው።

የተሰበሰቡት ሕዋሳትስ እንዴት ወደ ሕመምተኛው አጥንት ይገባሉ? አጥንት መብሳት አያስፈልግም። እንደ ማንኛውም ደም በደም ሥር ይሰጣሉ። ያው ሽታ እየመራቸው መቅኔውን ራሳቸው ፈልገው ያገኙታል።

አንድ ነገር ግን ማንም ማሽን አይፈታውም። የለጋሹና የሕመምተኛው የሕዋስ መለያ መመሳሰል አለበት። ከአንድ አባትና እናት የተወለዱ ሁለት ልጆች ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። ከቤተሰብ ካልተገኘ፣ የሚመሳሰለው ሰው የመገኘት ዕድሉ የሚሰፋው ዘሩ ከአንድ አካባቢ በመጡ ሰዎች መካከል ነው። ውጭ አገር የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ሕመምተኛ የለጋሾች መዝገብ ሲታይለት፣ ዕድሉ የሚወሰነው ከእሱ ጋር ሥር የሚጋሩ ስንት ሰዎች ተመዝግበዋል በሚለው ላይ ነው። ስለዚህ አድጋችሁ እንዲህ ያለ መዝገብ ባለበት አገር ከኖራችሁ፣ ዛሬ ማታ ከአጥንታችሁ ወጥተው የሚመለሱትን እነዚያን ሕዋሳት አስታውሷቸው። የሌላ ሰው አጥንት ውስጥም ቤታቸውን ያውቃሉ።