በውቅያኖስ ጥልቅ የተከተተው ካርቦን

በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የደጋችን ብርድ ከዛሬው የሞላሌ ውርጭ ይብስ ነበር፤ የስሜንና የባሌ ተራሮችም ግግር በረዶ ተሸክመው ነበር። የዛሬ 20,000 ዓመት ገደማ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች መካከል ካርቦን ዳይኦክሳይድ 190 ያህል ብቻ እንደነበረ በአንታርክቲካ በረዶ የታሰሩ የአየር አረፋዎች ይነግሩናል፤ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ግን 280 ደርሶ ነበር።

የጎደለው ወዴት ገብቶ ኖሯል? ተመራማሪዎች አብዛኛው በጥልቅ ውቅያኖስ ተከትቶ እንደነበር ያስረዳሉ። በአንታርክቲካ ዙሪያ የባሕር በረዶ ሲስፋፋና የውኃው ዝውውር ሲዳከም፣ ካርቦኑ በጉድጓድ እንደተከደነ እህል ቆየ።

የዛሬ 18,000 ዓመት ገደማ የሰሜን አትላንቲክ ዝውውር ሲናጋ፣ በደቡብ ክዳኑ ተከፈተና ጋዙ ወጣ። በዚያው ዘመን በእኛ አገር ዝናቡ ሸሽቶ ጣና ሐይቅ ደረቀ።

ዛሬ ውቅያኖስ የሰው ልጅ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩቡን ያህል ይቀበላል። ውኃው ሲሞቅ ግን ይህ ዐቅሙ ይቀንሳልና፣ የሩቁ ባሕር ነገር እኛንም ደገኞቹን ይመለከተናል።